ከራስጌ ቢላዋ፣ ከግርጌ መቀስ

ለወንድሜ ለሚሳኤል፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እኛ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየን ስለሰነበትን ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጥቅምት ብርድ ከመጥናቱ በቀር እማዬ ደህና ናት፤ ባለቤቴ ቸኮልም ደህና ነው። ልጅህ ሚኪ ጉንጩ ሞልቷል፣ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው። ሚስትህ ሊሁዋም... ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክ ሳወራህ «እሺ ጸዲ፣ ገብቶኛል ጸዲ» ትላለህ፤ መቼ ትመጣለህ ያልኩህ እንደሆነ ኔትወርኩ ይቋረጥብሃል። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። ጎረቤታችን ሸምሱ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አንተ አገር እየመጣ ነው፤ በእጅህ እንዲሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አደራ ብዬዋለሁ። 

የሊሁዋ እናት ለአራስ ልጇ ብላ ከቻይና ከመጣች ወዲህ ይህ ቤት ጉድ ነው። እማዬ አራስ ያለችበት ቤት መስኮት አይከፈትም ትላለች፤ ሴትዮዋ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። እማዬ አራስ ቀዝቃዛ ውሃ አትንካ ትላለች፤ ሴትዮዋ ሊሁዋን ቧንቧ ስትከፍት አግኝታት በቁጣ መለሰቻት።  ከዓለም ጫፍ መጥታ የእኛን የአራስ ወግ ማን አስጠናት?

ታዲያ ተስማሙ ብለህ ደስ እንዳይልህ። ሁለቱም አራስ ትሙቅ ይላሉ፤ የማሞቂያው መጠን ነው ያጣላቸው። እማዬ ገንፎውን በቅቤና በበርበሬ ይዛ ትገባለች፣ ሴትዮዋ ይዛው ትወጣለች፤ በምትኩ በዝንጅብል የተቀቀለ ዶሮ ታስገባለች። ሊሁዋ ማንንም ላለማስቀየም ስትል ሁለቱንም ትበላለች። የሚኪ ፊት ሽፍ ያለ ጊዜማ ለይቶለት ነበር። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀች፤ ሴትዮዋ ደግሞ በስልኳ አስተርጓሚ በኩል የበርበሬው እሳት በእናቱ ጡት ልጁ ውስጥ ገብቶ ነው አለች። ጤና ጣቢያ ብወስደው የጨቅላ ሽፍታ ነው፣ በራሱ ይጠፋል አሉኝ። ሁለቱም አላመኑም።

በዚህ መሐል ሊሁዋ ተለወጠች። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። አማርኛዋን ታውቀዋለህ፤ ለቡ በሚገነባው ሕንፃ ላይ ስትሠራ ከአናጢዎቹ የለመደችው ስለሆነ ለቀልድም ለቁጣም አያንሳትም። ያን ቀን ግን ምን ሆንሽ ብላት አንድ ቃል አልመለሰችልኝም።

ትናንት ጠዋት ልጁን ታቅፋ ሳሎን ወጣ ስትል አንሶላ ልቀይርላት ገባሁ። ከራስጌ በኩል ፍራሹን ገለጥ ሳደርግ ቢላዋ። ያ ባለ ጥቁር እጀታ የሽንኩርት ቢላዋችን። ክው አልኩ። በግርጌው በኩል ብገልጥ ደግሞ መቀስ፣ ትልቅ የልብስ ሰፊ መቀስ።  እህል ያልቀመሰች፣ ቀን ከሌት የምታለቅስ አራስ፣ ከራስጌዋ ቢላዋ፣ ከግርጌዋ መቀስ፣ በእጇ ደግሞ ልጅ። ምን እንዳሰብኩ አንተው ገምተው፤ እኔ ልጽፈው አልችልም። ሁለቱንም ይዤ ሳሎን ሮጬ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥያቸው ልጁን ከእቅፏ ቀማኋት። ይዤው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እማዬ ከኩሽና ደርሳ ቢላዋውን ስታይ፣ ምነው የእኔን ቢላዋ ከቦታው አነሳሽብኝ ብላ ተቆጣችኝ። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፣ ሰይጣን ይጠጋታል፤ የወለድሽ ጊዜ ላንቺስ አድርጌልሽ አልነበር ወይ አለች። ለካ እኔም ሳላውቅ ቢላዋ ላይ ተኝቻለሁ። እሺ፣ መቀሱስ? መቀሱን እማዬም አታውቀውም። ሁለታችንም ሊሁዋን አየናት፤ እሷ እንደኛው ፈዛ መቀሱን ታያለች። ይህን ጊዜ እናቷ መጥታ መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ወደ ስልኳ ተናገረች፤ ስልኩ በዚያ በሚተረጉምበት ድምፁ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት እኔ ነኝ ያኖርኩት አለን። እማዬ ቢላዋዋን ይዛ፣ ሴትዮዋ መቀሷን ይዛ ተያዩ። አንዷ ለሌላዋ ሳትነግር፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሐሳብ። እስካሁን ይገርመኛል።

ልጇን መልሼ ይቅርታ ስጠይቃት ሊሁዋ አልተቀየመችኝም። ስልኳን አውጥታ አንድ ክብ ሥዕል አሳየችን፣ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣ ሁለቱ የተቃቀፉ የሚመስሉ። በነጩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለ፣ በጥቁሩ ውስጥም ነጭ። በአገሯ ዪን እና ያንግ ይሉታል። ዪን ብርዱና ጨለማው ነው፣ ያንግ ሙቀቱና ብርሃኑ፤ ጠላት ቢመስሉም አንዱ ያለ አንዱ አይቆምም፣ አንዱ ሲበዛ ግን ሰው ይታመማል። የወለደች ሴት ሙቀቷ ከልጁ ጋር አብሮ ይወጣና ብርዱ ያይልባታል ይላሉ። እማዬ በጥሞና ሰምታ፣ እኔስ ከመጀመሪያው ብርድ እንዳይገባት አላልኩም ነበር ወይ አለች። ቀጥላም ነጩ እኔ ነኝ፣ ጥቁሩ እሷ ናት ብላ ሴትዮዋን በጣቷ አሳየች። ሊሁዋ ሳቀች። ሳቋ ግን አላለቀም፣ እዚያው ወደ ልቅሶ ዞረ።

የሚያስለቅሳት ነገር ያኔ ወጣ። ያ ባለ መስመር ሰማያዊ ሸሚዝህ ትዝ ይልሃል? ወደ ዱባይ የሄድክ ዕለት አውልቀህ ወንበር ላይ የጣልከው። ሳታጥበው ትራሷ ውስጥ ደብቃው ኖራለች። ሚኪ አልተኛም ሲላት ፊቱን ታስጠጋበታለች፤ አባትህ ይህን ይሸታል ትለዋለች። ከትናንት በስቲያ እማዬ ትራሱን ስታስተካክል አገኘችው፤ ያደፈ ልብስ አራስ አልጋ ላይ ምን ይሠራል ብላ በሳሙና ፈትጋ አሰጣችው።

እማዬ ይህን ስትሰማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የሊሁዋ እናት ነገሩ ሲገባት ወጥታ ሸሚዙን ከገመዱ ላይ አወረደችው። አሸተተችውና ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬም አሸተተችው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳሙናና የፀሐይ ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ወንድሜ፣ ለሦስት ወር ብለህ ነው የሄድከው። ልጁ ሳይወለድ እደርሳለሁ አልክ፣ አልደረስክም። ሊሁዋ እስከ ክርስትናው ትጠብቅሃለች፤ ካልመጣህ ከእናቷ ጋር ልጁን ይዛ አገሯ ትገባለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ለልጄ ነው የምለፋው እንደምትል አውቃለሁ፤ ልጅህ ግን እስካሁን የሚያውቅህ በሸሚዝ ነበር፣ እሱም ታጠበ።

ቸኮል እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ኤርፖርት እኔ ነኝ የምቀበለው ብሏል። የሸምሱ ባለቤት ከድጃ ለአራሷ አጥሚት ሳታቋርጥ እያመላለሰች ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። እማዬ ትስምሃለች፤ ሸሚዙን በሚመለከት ግን ምንም እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። የሊሁዋ እናት በስልኳ በኩል፣ ለአማቼ ሰላምታ የለኝም፣ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብላለች። ሚኪ ተኝቷል።

ሊሁዋን ምን ልበልልሽ ብላት ሸሚዙን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሸምሱ ያደርስልሃል። ልበሰው፣ ሥራበት፣ ላብህ ይግባበት። ከዚያ ሳታጥበው፣ እንደለበስከው ና።

እህትህ ጸደንያ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.