መሣሪያውን የመረጥኩበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበሩ የልዩ ልዩ መሣሪያዎች ምዝገባና ማጣሪያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ከዚህ ከቆላው ሙቀት ጋር አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ቢሮዎ የብረት በር የጠና፣ እንቅልፍዎ እንደ ማኅተምዎ የከበደ፣ ጆሮዎም ከእኛ ከባለጉዳዮችዎ ጆሮ የተሻለ የሚሰማ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ስለ እኔ ለማወቅ ከፈቀዱ፣ ይሁኔ አራጌ እባላለሁ፤ የቆቦ ነዋሪ፣ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ከሮቢት እስከ ጎብዬ በየሠርጉ ዳስ ቤዝ ጊታር እየተጫወትኩ የኖርኩ፣ እስከዚህች ሰዓት ድረስም ደህና የሆንኩ ሰው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት ቢሮዎ ባስሞላኝ ቅጽ ምክንያት ነው። በቅጹ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «መሣሪያውን የመረጡበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ለመልሱ የተተወው ቦታ ግን ከግማሽ መስመር ስለማይበልጥ «ለሠርግ» ብዬ ብቻ ጽፌ ወጣሁ። ይህ አጭር መልስ ያስከተለውን ካየሁ በኋላ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ የጎደለውን በአደባባይ ለማሟላት እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። ከሁለት ወር በፊት ባጃጅ ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ እየዞረ፣ ማንኛውም መሣሪያ ያለው ነዋሪ በሦስት ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ ሲያሳስብ እኔና የኪቦርድ ተጫዋቼ ኡበይድ ደጄ ላይ ገመድ እየጠገንን ነበር። ኡበይድ ሳቀና «አያ ይሁኔ፣ የእኛን አይደለም የሚሉት፤ ተወው» አለኝ። እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝና የሙዚቃ መሣሪያም መሣሪያ ነው አልኩት፤ በማግስቱም ጊታሬን በቦርሳው አዝዬ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። የመዘገበችኝ ጸሐፊ በሦስቱ ቀናት ውስጥ መሣሪያ አለኝ ብሎ በፈቃዱ የቀረበ ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ነግራኛለች። በጠቅላላው ወረዳ መሣሪያ ያለው አንድ የሠርግ ተጫዋች ብቻ ሆኖ መገኘቱ ለሰላማችን ትልቅ ማረጋገጫ ነውና፣ እንኳን ደስ ያለን ማለት እወዳለሁ። በቅጹ ላይ የሥራ ባልደረባ ስም ስትጠይቀኝም የኡበይድን ስም ሙሉ አድርጌ፣ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫዬ። ክቡርነትዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ምናልባት አቅሙ አነስተኛ የሆነ የቤዝ ተጫዋች ዕቃውን እንዴት እንደሚመርጥ አስበው ላያውቁ ይችላሉ። እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምላቸው እንዲህ ነው። ከሚያብረቀርቀው አዲስ ይልቅ ሰው የተገለገለበትንና ያልተሰበረውን ውሰድ። ባጃጅ ውስጥ የማይገባ አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ያንተ አይደለም። ገመድ ላይ አትሰስት፤ ርካሽ ገመድ ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ነው የሚንኮሻኮሸው። ከመውሰድህ በፊት ጀነሬተር አስነስተህ ሞክረው፤ በጸጥታ ጥሩ የሚመስል ዕቃ ሁሉ ጀነሬተር ላይ ያጉረመርማልና። ኢፌክት የሚባለው የድምፅ መለወጫ ካማረህ አንድ ይበቃሃል፤ እሱም መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ኮምፕሬሰር የሚባል፣ ከሌላው ጎልቶ የወጣውን ድምፅ ሁሉ እየጨፈለቀ እኩል የሚያደርግ ሳጥንም አለ፤ እርስዎ በከተማችን ስላሉልን ግን እሱን መግዛት አላስፈለገኝም።

የገዛሁት ሌላ ነው፤ የገዛሁበትም ምክንያት ይኸውልዎ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ያ ሁሉ ተኩስ በላያችን ላይ ካለፈ በኋላ፣ ሮቢት አንድ ሠርግ ተጠራን። ደጋሹ ለክብሩ ብሎ የሰው ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ከደሴ አስመጥቶ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታሁት። የቤዝ ድምፅ ከጆሮ በፊት የሚያገኘው ደረትን ነው። ቀና ስል ዳሱ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ መሬት ላይ ተኝቷል። የሙሽራዋ አያት አያ ረዲ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ከሆዳቸው ሥር አድርገው፣ ፊታቸውን አፈር ላይ ደፍተው ነበር። ማንም አልጮኸም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ሕፃናቱ ጭምር ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

በኋላ አያ ረዲ ልብሳቸውን አራግፈው አጠገቤ መጡና፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ መጫወቱን ተጫወት። ብቻ ድምፁን ከምድር ሥር አታምጣብን» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትልልቅ ስፒከር ባለበት አልጫወትም አልኩ። ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ አምፕ ያዝኩ፤ ቀጥሎም ደሴ ካለ አንድ ጠጋኝ ያገለገለ ኢኳላይዘር ፔዳል አገኘሁ። የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ሳጥን ናት፤ ሁለት ገመድ ይገባባታል፣ ውስጧ ባትሪ አለ፣ ስትሠራ ቀይ መብራት ታበራለች። ሥራዋ የታችኛውን፣ መሬት የሚያንቀጠቅጠውን ድምፅ ቆርጣ ማስቀረት ነው። ሌላው ተጫዋች ዕቃ የሚመርጠው ድምፁ እንዲገንንለት ነው፤ እኔ የመረጥኩት የሰው ልብ እንዳይደነግጥ ነው። ይህን በግማሽ መስመር መጻፍ ስላቃተኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍተሻው ጥንቃቄ። ባለፈው ወር በአንድ ሐሙስ ረፋድ እኔና ኡበይድ ለሠርግ ወደ ጎብዬ ስንወርድ ኬላው ላይ ባጃጃችን እንዲቆም ተደረገ። ፈታሹ ጨዋ ወጣት ነበር፤ ሰላምታም ሰጥቶናል። ቦርሳዬን ከፍቶ ሳጥኗን አወጣና በሁለት ጣቱ ይዞ «ይህ ምንድነው?» አለኝ። ፔዳል ነው አልኩት። «ምን ይደረጋል?» አለኝ። በእግር ይረገጣል አልኩት። ገመዶቹን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጣትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አብረውት የነበሩትም እንዲሁ። «ሲረገጥስ ምን ይሆናል?» አለ ከዚያው ሆኖ።

ኡበይድ በሕይወቱ ዝምታን ችሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሠርግ የሚያደምቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ፈገግ ብሎ «ሲረገጥማ ሕዝቡ ይነሳል» አለ።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ሙያ ሕዝቡ ተነሳ ማለት ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ጨፈረ ማለት ነው። ወጣቱ ግን ደብተሩን አውጥቶ ቃሉን እንዳለ ጻፈ፤ ጽፎም አነበበለትና «እንዲህ ነው ያልከው?» ሲል አጣራ። ኡበይድ ያን ጊዜ ፈገግታውን ተወ። ለእሱ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሳጥኗ የእኔ ናት፣ ጊታሩም የእኔ ነው። አልተናገርኩም። እርስዎ ራስዎ ከኬላው ጥላ ሥር ወጥተው፣ እጄን በሁለት እጅዎ ጨብጠው «ለማብራሪያ ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም» ያሉኝን ትሕትና አልረሳም። ኡበይድ ከሳጥኗ ጋር ቢሮዎ መኪና ውስጥ ሲገባ ዞሮ «ኪቦርዱን ፀሐይ ላይ እንዳትተወው» አለኝ። እኔም አንድ ሰዓት ነው ብዬ ጎብዬ ሄድኩና ያለ ኪቦርድ ሠርጉን አጫወትኩ። ሰው ጨፍሯል።

አራተኛ፣ ስለ ሰነድ አያያዛችሁ። በማግስቱ የኡበይድ ባለቤት ራቢዓ ምሳ ዕቃ ይዛ፣ እኔም አብሬያት ቢሮዎ ደጅ ቀረብን። ጸሐፊዋ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ገልብጣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለችን። ራቢዓ ስሙን ቀስ አድርጋ ደገመችላት። ጸሐፊዋም በቅን ልቦና «እኛ የምንመዘግበው መሣሪያ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብላ አስረዳችን። ምሳ ዕቃው እንዳለ ተመለሰ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም፣ በስምንተኛውም እንዲሁ ተመለሰ። ራቢዓ ማልቀስ አልወደደችም፤ «አላህ ያያል» ትልና በሚቀጥለው ቀን እንደገና ትሠራለች።

በዘጠነኛው ቀን ተጠርቼ ስሄድ ፔዳሌ ተመለሰልኝ። አቧራዋ ተጠርጎ፣ አዲስ ባትሪ ገብቶላት፣ አራት ማኅተም ካረፈበት የርክክብ ሰነድ ጋር ነው የተቀበልኳት። በሕይወቴ ዕቃዬን እንዲህ ያከበረልኝ ቢሮ አላጋጠመኝም። ወረቀቱን ለራቢዓ አሳየኋት። አራቱን ማኅተም በጣቷ ቆጠረችና «ለሳጥኑ ወረቀት ሰጥተውሃል። ለእሱስ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ኡበይድ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጁ ላይ ከባጃጅ ወረደ። የለበሰው ሸሚዝ የእሱ አይደለም። ሄጄ ልስመው ስጠጋ «በዚህ በኩል ና» ብሎ ወደ ግራው አዞረኝ። ምን እንዳጋጠመው ጠየቅኩት፤ «ማብራሪያ ጠየቁኝ፤ አብራራሁ» አለኝ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው ብሎ ብቻ አከለ፤ ሲያክልም በሩን እያየ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱን ከፈተ። ጣቶቹ ደህና ናቸው፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ድምፁን ግን ይጨምራል፣ ጎንበስ ብሎ ግራ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋል፣ እንደገና ይጨምራል። ጎረቤት ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። ራቢዓ መጥታ እጁን ያዘችው። አጠፋና ነጠላዋን ተቀብሎ ኪቦርዱን አለበሰው፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም። ሠርግ እንሂድ ስለው አንገቱን ይነቀንቃል።

ስንለያይ የከበደኝን ነገር አወጣሁ። ስምህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቅጹ ላይ፣ አልኩት። ተቆጥቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «አውቃለሁ» አለኝ። «በየቀኑ ያሳዩኝ ነበር። ጽሕፈትህ ያምራል።»

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለመክሰስ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ማንን ይከስሳል? በከተማችን ዘንድሮ ሠርጉ ሁሉ በእጅ ጭብጨባ ብቻ መሆኑን፣ ሌሎቹ ተጫዋቾችም ዕቃቸውን ከአልጋ ሥር ማስገባታቸውን፣ መንገዱም ጸጥ ማለቱን ለማሳወቅ ነው። ቢሮዎ የተቋቋመበት ዓላማ ጸጥታ ስለነበረ፣ ሥራዎ መሳካቱን ከተገልጋዩ አፍ መስማት ያስደስትዎታል ብዬ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ እጄን ስለጨበጡኝ፣ ባልደረባዬንም አብዛኛውን መልሰው ስላስረከቡኝ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ከእግርዎ ጫማ ዝቅ ብዬ፣ ከማኅተምዎ ጥላ ሳልወጣ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

ይሁኔ አራጌ
ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ምዝገባ ቁጥር አንድ
ቆቦ

ግልባጭ፦
ለሰሚ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳጥፈው መልእክተኛዎ መጥቶ መጥሪያ ሰጠኝ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ማብራሪያ እንድቀርብ ታዝዣለሁ፤ በእርግጥ እቀርባለሁ። ይዤ እንድመጣ የተዘረዘረው ሦስት ነገር ነው፦ ጊታሩ፣ አምፑና ቅያሪ ልብስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምን እንደሚፈለጉ ገብቶኛል።