በአንዲት ፍሎፒ የመጣ ቋንቋ

ጥቅምት 9
ሥራ፣ ቤት፣ እራት። እማዬ እንደ ልማዷ ሬዲዮውን አባዬ ራስጌ ከፈተችው። ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አይናገርም፤ የሚታዘዝለት የቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ ነው። «አውቶቡስ ሲነዳም ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም ነበር» ትላለች። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ያዳምጣል ወይ? ማን ጠየቀው...

በአንድ ጣት መናገር አይቻልም?

ጥቅምት 14
መሥሪያ ቤት የጣሉትን ኮምፒውተር ሰጡኝ። የውሃ ቆጣሪ ንባብ ሳስገባበት የኖርኩት ራሱ! ያሰብኩት ቀላል ነው። ፊደሎቹ ተራ በተራ ይበራሉ፤ የፈለገው ላይ ሲደርስ አባዬ ቁልፍ ይጫናል። ግን ይህን ለማሽኑ በምን ልንገረው? ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የለውም።

ጥቅምት 16
ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። የቋንቋው ዋጋ ከኮምፒውተሩ ከራሱ ይበልጣል! ሳቅኩ። ሻጩ አልሳቀም። «ይሄ ለድርጅት ነው እህቴ። ለቤት ምን ያደርግልሻል?» በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ኅዳር 2
ሊቁ አንድ መጽሔት ይዞልኝ መጣ። (አጠገቤ የሚሠራው ነው፤ የማያውቀው ስለሌለ ያወጣንለት ስም።) ጀርባው ላይ ማስታወቂያ... ቋንቋው በፖስታ ይላካል፤ ዋጋው የአንድ ጥንድ ጫማ! ያሳየኝ ሊስቅብኝ ነው። «በዚህ ዋጋ ባዶ ዲስክ ነው የሚልኩልሽ።» ጫማው ይቆየኝ። ገንዘቡን ላክሁ።

ታኅሣሥ 11
መጣ! አንዲት ፍሎፒና ቀጭን መመሪያ። መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ክብደት እንኳ የላትም። እዚህ ውስጥ ሙሉ ቋንቋ አለ ቢሉኝ እንዴት ልመን?

ከመመሪያው ሦስት መስመር ገልብጬ ቁልፉን ተጫንኩ። ዓይኔን ሳላርገበግብ ስሜን ጽፎ አሳየኝ። ስንት ዘመን ቁጥር ሳጎርሰው የኖርኩት ቆርቆሮ፣ ዛሬ የኔን ሐሳብ ሰማ! እማዬን ጠራኋት። «ጎሽ» ብላኝ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ጥር 6
ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም። እያንዳንዱን በነጠብጣብ እየሣልኩ ነው። መጀመሪያ የፊደሉ ቤት (ሀ፣ ለ፣ ሐ...) ይመረጣል፣ ከዚያ ከሰባቱ ድምፆች አንዱ። ስሳሳት የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ይነግረኛል፤ አይቆጣም፣ አይስቅብኝም። ሊቁ እንዲህ ቢሆን!

ጥር 20
አልሆነም። አባዬ ሞከረው፤ ጣቱ እስኪታዘዝለት ፊደሉ ያልፈዋል። ላብ በላብ ሆነ። «ተይው ልጄ፣ አታድክሚው» አለች እማዬ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ለካ ፍጥነቱን የሞከርኩት በራሴ ጣት ነበር! አንድ ቁጥር ቀየርኩ። አሁን ቀስ ብሎ ይሄዳል። ነገ...

ጥር 21
መሽቷል። ቢሆንም ልጻፈው።

ተጫነ። «ረ» ላይ ቆመ። ደግሞ ተጫነ። ሬ... ዲ... ዮ። «አላልኩሽም!» አለች እማዬ፤ ሮጣ ሬዲዮውን ይበልጥ አስጮኸችው።

አባዬ አልጨረሰም። ዝ... ጉ... ት።

እማዬ አፏን ይዛ ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ራስጌው ላይ! «ውይ በሞትኩት!» ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባት። አባዬን አየሁት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። አባዬ ነው... እዚያው ነበር። ያቺ ክብደት የሌላት ፍሎፒ አባቴን መለሰችልኝ። አሁንም አላምንም።

ጥር 22
ከሥራ መጣሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። እማዬ ወንበር ስባ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች፤ አንድ ፊደል በርቷል። በሩ ላይ ሆኜ «ዛሬ መሥሪያ ቤት...» ብዬ ስጀምር ዞር እንኳ ሳትል በእጇ አስቆመችኝ።

«ዝም በይ እስቲ፣ አባትሽ እያወራ ነው!»