ነነዌን የጾሙት ዓሣዎች

ይድረስ አንኮበር፣ ባይወልዱኝም እናት ለሆኑኝ ለባለቤቴ እናት።

እናቴ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲበረታ ያ ቁርጥማት እንደማይምርዎት ስለማውቅ ሐሳብ ሆኖብኛል። የላክሁልዎት ቅባት አልቆ ከሆነ ለወልደኪዳን ይንገሩት፤ በሚኒባሱ ይዞልዎት ይመጣል። ላሟ ወለደች ወይ? የአጥሩስ ነገር እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምለው ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ደኅናስ አይደለሁም።

በስልክ ልነግርዎት አልቻልኩም። የስልክዎን ድምፅ ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ እኔ እዚህ ሳስነጥስ እዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ይማርሽ ይለኛል። ደግሞም ድምፅዎን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም። ስለዚህ ዳዊት የሚደግሙበትን መነጽር ያድርጉና እርስዎው ራስዎ ያንብቡት። ለማንም አያሳዩ፤ ለንስሐ አባትዎም ቢሆን።

ወልደኪዳን መልእክትዎን አድርሶልኛል። እሑድ ሽማግሌ ይዘው ደብረ ብርሃን እንደሚመጡ፣ ልጅዎን ቃለ አብንም ከአዲስ አበባ እንዳስጠሩት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው «ዓሣዎቹን ያስጾምኳቸው እኔ ነኝ፣ እሷ ጥፋት የለባትም፣ ወደ ቤትህ ተመለስ» ሊሉት እንዳሰቡ ነገረኝ። ስቄ ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። ወልደኪዳን የሚያደርገው ጠፍቶት ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። እናቴ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ፣ አይምጡ። ልጅዎ ቤቱን ትቶ የሄደው በዓሣ ምክንያት አይደለም። እርስዎ የሚያውቁት ግማሹን ነው።

እነዚያን ዓሣዎች ያመጣቸው ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት መንከራተቱ አብቅቶ፣ ሁለታችንም ስለ ልጅ ማውራት ያቆምን ሰሞን ነበር። አምስት ነበሩ፣ ጣት የሚያካክሉ። ሻጩ ፓይክ ሲክሊድ ይላቸዋል፤ እርስዎ ግን እኛ ጋር ሊከርሙ መጥተው ገና ርዝመታቸውንና አፋቸውን ሲያዩ እባቦቹ አሏቸው፣ ስማቸውም በዚያው ጸና። ሁለት አይበቃህም ወይ ብለው ቃለ አብን የተቆጡት ትዝ ይልዎታል? እነዚህን ሰው አያጋባቸውም፤ ወንዱንና ሴቷን መርጠው ቢያገናኟቸው ይጋደላሉ ብሎ አስረዳዎት። ገና ትንንሽ ሳሉ አምስት ስድስት ሆነው ይገዛሉ፣ አብረው ያድጋሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይመራረጣሉ። ቀለማቸውም ቆይቶ ስለሚወጣ ሻጩ ደማቁን ሳይሆን ሆዱ ያልጎደለውን፣ በዓይኑ የሚከተልህን ምረጥ ብሎት ነበር። ይህን ሁሉ ሲዘረዝር ፊቱ እንዴት በርቶ ነበር! በሠርጋችን ቀን እንኳ ያን ያህል አላወራም። እርስዎም እኔና አባትህ ሳንተያይ ነው የተጋባነው፣ መች ተጋደልን ብለው አሳቁን።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ የገንዳው ማሞቂያም አብሮ ይጠፋል። እርስዎና እኔ ከሰል አያይዘን ውኃ እያሞቅን፣ በሃይላንድ ሞልተን ከዓሣዎቹ በላይ እናንሳፍፍ ነበር። እርስዎ ዳዊትዎን ይደግማሉ፣ እኔ የቀዘቀዘውን በሞቀው እለውጣለሁ። የራሴን እናት በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝና ያ ሰሞን ለእኔ ምን እንደነበር ልነግርዎት አልችልም።

ከዚያ ጾመ ነነዌ ገባ። ቃለ አብ ለሥራ ደብረ ሲና ወርዶ ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበርኩ። ለዓሣዎቹ የተከተፈው የበሬ ልብ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎ የካህን ልጅ ነዎት፤ የነነዌ ንጉሥ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም በጉም ምንም እንዳይቀምስ ማወጁን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። በዚያ ላይ ዮናስን ተሸክሞ ያወጣው ዓሣ ነው፤ በዓሣ ቤት ነነዌ እንዴት ይሻራል ብለው ሦስቱንም ቀን አስጾሟቸው። እኔ እያበሏቸው መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስናይ አምስቱ ሦስት ሆነዋል። ያንደኛው ጅራት ከትልቁ አፍ ገና አልገባም ነበር። እርስዎ ነጠላዎን ተከናንበው ጾማቸውን በወንድማቸው ሥጋ ፈቱ፣ ኃጢአታቸው በእኔ ነው እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኔ ሳቄን በመዳፌ አፍኜ ቆሜ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ቃለ አብ ሲመለስ ግን ሳቅ አልነበረም። ለምንድን ነው ያልበሉት ሲል ረሳሁ አልኩት። ልጅ በእናቱ ላይ ሲጮህ መስማት አልፈለግኩም፤ እርስዎም ማድቤት ሆነው ሰምተዋል። ጮኸብኝ፣ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ ግን ራሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያ ነገር በዚያው አልቋል፣ እናቴ። እስከ ዛሬ በእሱ መብሰልሰልዎ ይብቃ።

የማያውቁት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። እርስዎ ወደ አንኮበር ከተመለሱ በኋላ ከሦስቱ አንዱን ሁለቱ ተባብረው መድረሻ አሳጡት፤ ለሻጩ መለስነው። የቀሩት ጥንድ ሆኑ። የሴቷ ሆድ እንደ በርበሬ ቀላ። ድንጋዩ ሥር ዕንቁላል ጣለች፤ ወንዱም ከፊቷ ቆሞ የሚጠጋውን ሁሉ፣ የእኔን ጣት ሳይቀር፣ ይናከስ ጀመር። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ብናኝ ነው የሚያካክሉት። ያ ወንድሙን የዋጠ አፍ አንዳቸውንም አልነካም።

ቃለ አብ ከሥራ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ፊታቸው ይቀመጣል። እሱ እነሱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። አንድ ቀን «እነሱ እንኳ…» ብሎ ጀመረና፣ እኔ ከኋላው መቀመጤ ትዝ ሲለው ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ። ቀሪውን አልተናገረውም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው እንጂ ልብሱን ይዞ የወጣ ቀን አይደለም።

ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ በዛበት። ቅዳሜም ሥራ፣ ለበዓልም ሥራ። ልጅዎ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ጠልቼው ይቀለኝ ነበር። እዚያ ያለውን የነገረኝም እያለቀሰ ነው። ለእርስዎ መንገር ግን አልደፈረም፤ እኔን እንደሚወዱኝ ስለሚያውቅ። እሑድ ሽማግሌ ፊት ቢያቆሙት ወይ ይዋሻል፣ ወይ የእኔን ማሕፀን ጉዳይ በሰው ፊት ያወጣዋል። ሁለቱንም ቁጭ ብዬ ልሰማ አልችልም። የእርስዎም ሰው ፊት ቆሞ ማፈር ለከንቱ ይሆናል።

ዓሣዎቹ እኔ ጋር ናቸው። እሱ የሚኖርበት ቤት ለገንዳ ቦታ የለውም፤ ትርፉ ክፍል ትንሽ አልጋ ገብቶበታል። ሻጩ የቀለሟን ማማር አይቶ ሴቷን ለብቻዋ ሽጪልኝ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ጠዋት ጠዋት የበሬ ልብ እየከተፍኩ አበላቸዋለሁ። ሥጋ ቤቱ ብቻዬን መቅረቴን ስለሰማ ይህን ሁሉ ልብ ማን እንደሚበላው ግራ ገብቶታል።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ቃለ አብ ሰሞኑን መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሊወስድዎት ያስባል። ሲያፍር ያውቁታል፣ ጫማውን እያየ ነው የሚያወራው። ክርስትና አለብን ይልዎታል። የማን ነው ብለው አያስጨንቁት። እዚያም ሲደርሱ እኔን እያሰቡ በቤቱ ሰው ላይ ፊትዎን አያጥቁሩ። ሰማንያ ቀን ያልሞላት ነፍስ ምን በደለች? ፎቶዋን አይቻለሁ፤ ግንባሯ ቁርጥ የእርስዎ ነው።

ስም ያውጡ ሲሉዎት ደግሞ፣ በሠርጋችን ማግስት ጠጉሬን እየሠሩልኝ በጆሮዬ የነገሩኝን ስም፣ ማኅደረማርያም ያሉትን፣ ለእሷ ይስጧት። ለሌሎቹ የልጅ ልጆችዎ ሳይሰጡ እስከ ዛሬ ለማን እንዳቆዩት አውቃለሁ። ከእንግዲህ አያቆዩት።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ደጅዎ በሕፃን ድምፅ ይሙላ። ዳዊት ሲደግሙ ስሜን ከመካከል አያውጡብኝ።

ምራትዎ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ልጅዎ፣
ከደብረ ብርሃን