የእህቴ ስም በአዳራሹ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ሐኪሞቹን ከእህቴ ለቅሶ ድንኳን አባረረች እየተባልኩ ነው። ሐሰት ነው። ያስወጣሁት የምረጡኝ ወረቀት ሊያድል የገባውን እጩ ነው። ሐኪሞቹን ራሴ አስገብቼ አስቀምጫቸዋለሁ።

ዛሬ ከመካከላቸው ዶክተር ምሕረት ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። እህቴ ጽጌ በሆስፒታሉ ኦክስጅን ጠፍቶ ያረፈችው በእሷ እጅ ላይ ነው። ነገ ከሰዓት ሐኪሞቹ እጩዎቹን ሐይቅ ዳር አዳራሽ ጠርተው ስለ ሕክምናው ሊጠይቋቸው ነው።

"ቲቸር፣ የእትዬ ጽጌን ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ።"

"ስሟን ሳትጠሪ ተናገሪ።"

"ባለፈው ምርጫ ስም ሳንጠራ ነበር የተናገርነው። እጩዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ምሳ የት ነው አሉ።"

ጽጌ ሕመሟን ከጎረቤት እንኳ ትሸሽግ ነበር። ሳል ሲነሣባት ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። አሁን ስሟ በየቅስቀሳ መኪናው ማይክራፎን ሊጮኽ?

"ድምፅ ቢለምኑባትስ?" አልኳት።

"ይለምኑባት ይሆናል፤ ያንን ልከለክል አልችልም። ግን ትናንትም ኦክስጅን ስላልነበረን አንዲት እናት ወደ ሌላ ከተማ ላክን። መድረሷን አላወቅሁም።"

እሺም እምቢም ሳልላት ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ የማስበው ያችን እናት ነው።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ለምሕረት ደውዬ የጽጌን ስም ከነአባቷ ጥሪ እላታለሁ። ቀጥሎ ጥቁር ልብሴን እተኩሳለሁ። ከሰዓት በባጃጅ ወደ አዳራሹ ሄጄ ከፊተኛው ረድፍ እቀመጣለሁ። የጽጌን ስም የሚያነሣ እጩ ሁሉ ዓይኔን እያየ ያንሣው። ጽጌ ግን ምን ትለኝ ነበር...