በስኳሩ ሞለኪውል ላይ ያሰርነው ጨሌ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለእትዬ ሐረግወይን፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? የድሬዳዋ ሙቀት አልጠናብሽም ወይ? ያ ሳልሽ ተወሽ? ባለቤትሽ ጋሽ ወልደገብርኤልስ፣ ትንሿ ልጅሽ ኢትዮጵያስ ደህና ናቸው? እኔ እዚህ ነቀምት፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ግራ ቅንድቤ ተሰንጥቆ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። እኔም በተራዬ የአንድ አባወራ ክንድ ሰብሬአለሁ። አጎታችን በንዴት ሳይጽፉልሽ ከእኔው አፍ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የተነሣው ከትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ጋሽ በላይ ሁለት ሁለት አድርገው ሲያቧድኑን ለእኔና ለሎሚ የስኳር ሞለኪውል ደረሰን። ሎሚ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጠው፣ የአናጢው የኦቦ ታፋ ልጅ ናት። ስኳር አርባ አምስት አቶም አለው። አርባ አምስቱንም በጭቃ አድቦልቡለን፣ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ወስደን አስተኮስናቸው። በተሰባበረ ጃንጥላ ሽቦ አያያዝናቸውና ክንድ በሚያህል ብረት ላይ አቆምናቸው። ጋሽ በላይ «ቀለም ብቻ የቀባ አያሸንፍም፣ ከየቤታችሁ ባለው ነገር ተጠበቡበት» ብለውናል። ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል ተብሎ ነበርና እኔ ልቤ ከአሁኑ አውቶቡስ ተሳፍሯል።

ካርቦኖቹን በጥቀርሻና በጉሎ ዘይት አሸናቸው፤ እንደ አዲስ ጫማ አብለጨለጩ። ለሃይድሮጂኖቹ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠን በሊጥ ለጠፍንባቸው፤ ከአጎታችን ሱቅ የለመንኩትን ነጭ የሸሚዝ አዝራርም ጨመርንበት። ያስቸገረን ቀዩ ኦክስጅን ነው። በርበሬ በጥብጠን ብንቀባው ደርቆ እየረገፈ ሲያስነጥሰን ዋለ። በማግስቱ ሎሚ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ መጣች። ስትፈታው ቀይ ጨሌ ነው። በኦሮምኛ «አኮ» የምትላቸው አያቷ፣ አኮ ድርቤ፣ በድሮው እምነታቸው አያና የሚሉትን መንፈስ ሲለምኑ በአንገታቸው የሚያስሩት ዶቃ ነበር። ልጃቸው ኦቦ ታፋ ወንጌል ተቀብለው የጸሎት ቤት ሽማግሌ ከሆኑ ወዲህ በቤቱ የነበረውን ጨሌ ሁሉ አቃጥለዋል። አሮጊቷ ግን ጥቂት ክር ጓሮ ቀብረው ደብቀው ኖረዋል። «በጉድጓድ ከሚቀር ለትምህርት ይሁን» ብለው በገዛ እጃቸው ሰጧት።

ሎሚ ፈርታ ነበር፣ እትዬ። «አባቴ ቢያየውስ?» አለችኝ። እኔ ነኝ «ደግሞ በሸክላ ላይ የተለጠፈ ዶቃ ማን ይለየዋል!» ብዬ የገፋፋኋት። አሥራ አንዱን ኦክስጅን በጨሌው ጠመጠምናቸው። የእሳት ፍም መሰሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ወላጆች መጡ። ኦቦ ታፋም ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከሩቅ ልጃቸውን ሲያዩ ፈገግ ብለው ነበር። ጠረጴዛችን ጋ ሲደርሱ ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ጎንበስ ብለው አንዱን ኦክስጅን በጣታቸው ነኩና «ኩን ከን ኤኙቲ?» አሉ፤ ይሄ የማን ነው ማለታቸው ነው። ሎሚ መዋሸት አትችልበትም። «የአኮ ነው» አለች።

ከዘራው ከላይ ወረደ። የወር ድካማችን በአንድ ምት ተፈረካከሰ፤ ሸክላው እንደ ጠጠር ፊታችን ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ምት ሎሚ ትከሻ ላይ አረፈ። በሹሩባዋ ይዘው መሬት ለመሬት እየጎተቱ «ጣዖት! በእኔ ስም ጣዖት!» ይላሉ። ጋሽ በላይ ሊገላግሉ ቢገቡ ኦቦ ታፋ ደረታቸውን ገፍትረው ጣሏቸው። የቀረው ሰው እንደ ግንድ ቆሞ ያያል። እኔ የኦቦ ታፋ ክንድ ላይ ስንጠለጠል በከዘራው እጀታ ቅንድቤን አሉኝ፤ ደሙ ግራ ዓይኔን ሸፈነው። በቀኝ ዓይኔ ሎሚ አፏ ደም ሞልቶ አየኋት። ሞለኪውላችን የቆመበት ብረት እግሬ ሥር ወድቆ ነበር፤ አነሣሁት።

የመጀመሪያው ምት ክንዳቸውን ሲያገኘው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሎሚን ለቀቋት፤ እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። በጉልበታቸው ተንበርክከው ሳለ ጀርባቸውን ደገምኩት፣ ሠለስኩት። «ወለቴ፣ በቃ! አባቴን ገደልሽው!» ብላ ብረቱን ከእጄ የነጠቀችኝ ሎሚ ናት።

ፖሊስ ጣቢያ እስከ አመሻሽ ዋልኩ። አጎታችን ዋስ ሆነው አስወጡኝ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች በገበያው ዳር ካለው ሾላ ሥር አስቀመጡን። ኦቦ ታፋ ክንዳቸው በእንጨት ታስሮ መጡ። «ልጄን በቀጣሁ፣ የሰው ልጅ ቀጠቀጠችኝ» አሉ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀላቸው። ያኔ ማንም ያልጠራቸው አኮ ድርቤ ተነሥተው ነጠላቸውን ገለጡ። ከክርናቸው እስከ ብብታቸው ድረስ ቆዳቸው ተጨማዶ ተኮማትሯል። «ታፋ፣ ጨሌዬን ያቃጠልህ ዕለት ልወስድ ስል ወደ እሳቱ የገፋኸኝን ረሳኸው?» አሉ። «ለሰው ሁሉ ምድጃ ላይ ወድቄ ነው ስል ኖርኩ። ዛሬ ግን ለልጅቷ ስል ሸሽጌ አልሞትም።»

 ሽማግሌዎቹ ኦቦ ታፋን በሎሚም በእናታቸውም ላይ ዳግም እጃቸውን እንዳያነሡ አስማሏቸው። አኮ ድርቤ ሎሚን ይዘው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይቅርታ አስጠይቀው፣ የኦቦ ታፋ ክንድ እስኪጠገን በየቅዳሜው ውኃቸውን እንድቀዳ፣ እንጨታቸውን እንድፈልጥ ፈረዱብኝ። ትምህርት ቤቱም ሁለት ሳምንት አግዶኝ ነበር፤ ተመልሻለሁ። ሎሚ አሁንም አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ እንጨቱን ፈልጬ ስጨርስ ኦቦ ታፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ሸሚዛቸውን ሊቆልፉ ይታገሉ ነበር። ሄጄ ቆለፍኩላቸው። «ወለቴ» አሉኝ፤ «የመጀመሪያውን ለሎሚ ብለሽ ነው። ሌሎቹን ለማን ብለሽ መታሽኝ?» እውነቱን ነገርኳቸው። «ለራሴ ነው፣ ኦቦ። ስመታዎት ደስ አለኝ» አልኳቸው። እርግማን ስጠብቅ አንገታቸውን ደፍተው «እኔም በእሳቱ ዕለት እንደዚያው ነበርኩ» አሉኝ።

አጎታችን ወደ አንቺ ሊልኩኝ ያስባሉ። እባክሽ እትዬ፣ የኦቦ ታፋ ክንድ እስኪድን እንዲተዉኝ አንቺ ጻፊላቸው። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ብመጣ በአንቺም ቤት ሰላም አላገኝም።

ጋሽ ወልደገብርኤልን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። አማትሽን እማማ ወይንሸትን በጸሎታቸው እንዲያስቡኝ ንገሪያቸው። ኢትዮጵያን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ስለ ቅንድቤ ግን አትንገሪያት። አጎታችንም ተቆጥተውኝም ቢሆን ሰላምታቸውን ልከውልሻል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ ወለቴ

ነቀምት፣ ወለጋ
ግንቦት 14 ቀን 1963 ዓ.ም.