የሰጠመው መስክ

ውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይ? ባልሽንስ ያ ሳል ተወው? እኔ ደህና ነኝ፤ ማንበብ የሚችል ሰው እዚህ መንደራችን ኒደርሎርነ ውስጥ ደህና ሊሆን የሚችለውን ያህል።

የወረዳችን የታሪክና የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ረቂቅ ደረሰኝ፤ የወንዙን ምዕራፍ እንዳርም ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ብዙ ድንቁርና አንብቤያለሁ፤ የሎርነ ወንዝ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ወደ ሰሜን፣ ገጽ ሠላሳ ላይ ወደ ደቡብ ሲፈስ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው። ጸሐፊዋ ጡረተኛዋ ፋርማሲስት ኦቲልየ ናት። መድኃኒት ስታድል የተረፍነው በዕድል ነው።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው፣ ልጅሽ ስቬንያ ቤት ልትሠራበት የገዛችው መስክ፣ በድሮው የመሬት መዝገብ ስሙ "የሰጠመው መስክ" ነው። ኦቲልየ የድሮውን የእጅ ጽሕፈት ስለማትችል "የሰከረው መስክ" ብላ አነበበችው። በቋንቋችን ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በመነሻ ፊደሎቻቸው ብቻ ነው፤ ይሁን። እሷ ግን አባቶቻችን ከአጨዳ በኋላ እዚያ ቢራ እየጠጡ ይጨፍሩ ነበር ብላ ሁለት ገጽ ሞላች። ከንቲባው ፎልክማር ደግሞ ይህንኑ ለመሬት ገዢዎች በሚያድለው ወረቀት ላይ አሳተመው።

ባለፈው ማክሰኞ የመጽሐፉ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሄጄ፣ መስኩ የሰጠመው የተባለው ስለሚሰጥም ነው አልኳቸው። ፎልክማር እግሩን አነባብሮ፣ "አንተ መምህር፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰው ደስ ሲለው ያምሃል" አለኝ። ሳቁ። ኦቲልየም "የኔ ጽሑፍ ፍቅር አለበት፣ ያንተ እርማት ይኮመጥጣል" አለች። ከዚያ ፎልክማር፣ "ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ድንጋይ ሄደህ እየው" አለ። "የ1784ቱ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ የተቀረጸበት ነው፣ ከዚያ የበለጠ ውሃ መጥቶ አያውቅም። መስኩ ከምልክቱ በግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። የጎርፍ አደጋ ካርታውም የተሠራው በዚሁ ምልክት ነው። ወይስ ድንጋይም ይሰክራል?"

ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። እኔ ክርክር ትቼ ስወጣ ስንቴ አይተሻል?

ድንጋዩ ተነቅሎ ያውቃል። እኔና አንቺ ልጆች ሳለን፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ግድግዳውን ያሳደሰ ጊዜ፣ ድንጋዩ በነበረበት ቦታ መስኮት ፈለገ። ግንበኛው አባባ ነበር። ጥርሱን አሞት ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ድንጋዩ ከመስኮቱ ጎን በዚያው ከፍታ እንዲገባ አዞ ሄደ። ለዚያ ግን መወጣጫውን ማዛወር ያስፈልግ ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ይሞቃል። ድንጋዩ ከመስኮቱ ሥር ገባ፣ ከድሮው ቦታው አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ባለቤቱ "እንዲያውም አሁን ለንባብ ተመቸ" ብሎ ተደሰተ። አባባ ሲመለስ ሲሚንቶው ደርቋል። አየው፣ እስኪሞትም ነገሩን አላነሳም።

በዚያ ሐምሌ ምሳ የምታመላልሺው አንቺ ነበርሽ። ዳቦው የሁለት ሰው ነበር፤ የግንበኛውና የረዳቱ። ከአባባ ሌላ ማን እንደበላው ታስታውሻለሽ።

በመጪው ሐሙስ የስቬንያ ቤት መሠረት ሊቆፈር ነው። ስቬንያ እኔን አትሰማም፤ አጎቴ እንከን ሳያገኝ አያድርም ትላለች አሉ። አንቺን ትሰማለች። ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚያት። እኔ ከዚያ በፊት ረቡዕ፣ ቀጣዩ ስብሰባቸው ላይ ተመልሼ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ፎልክማር እንዳሻው ይሳቅ። ኦቲልየን ግን ይቅርታ አልጠይቃትም፤ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ በመስኮቷ ይታያታል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የልጅሽንም ቤት ደረቅ መሬት ላይ ያቁምልሽ። ድንጋዩን ማን እንዳወረደው ከጠየቀችሽ፣ አባባ ነው አትበያት።

ወንድምሽ