የምስር ፍሬ የምታክል ሥጋ

ሰኞ፣ ማርች 18

...እጄን የያዘችው ዶክተር ሸድሊ ናሙናውን ላቦራቶሪ ሲያስረክበኝ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ብቻ ይዛኝ ነበር። መብሩካ፣ የዋጂህ እናት። "ልጄ፣ ይህቺን አደራ" አለችኝ። ከልጇ ጭን የተቆረጠችውን ሥጋ። የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ድጋሚ አይቆረጥም፤ ሳንባው ማደንዘዣ አይችልም።

የምንፈልገው አንድ ፕሮቲን ነው። ከሌለ፣ ታላቅ ወንድሙን የገደለው በሽታ ነው። ካለ ሌላ ነው፣ መድኃኒት ያለው።

ዛሬ አልነካኋትም። ፍሪዘሩን ከፍቼ ስሙን አነበብኩ፣ ዘጋሁ። ወደ ቤት ስሄድ ለማፍጠሪያ የሚጠበሰውን ስስ የብሪክ ሊጥ ገዛሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

ረመዳን ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከቀትር በኋላ የጾመኛ ጭንቅላት አይሠራም፤ የምንሠራበትን ፈሳሽ ሁሉ ጠዋት ቀላቅለን እናስቀምጣለን። ሁሌም እንደዚያ ነው...

በረዶ ላይ ፈጨኋት። ሥጋ ሲፈጭ በውስጡ ያለው ነገር ራሱን መብላት ይጀምራል፣ ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል። የሚያቆመው ፈሳሹ ላይ የምንጨምረው መድኃኒት ነው። እሱ ደግሞ ውሃ ከነካው በግማሽ ሰዓት ይሞታል። ሞቶም መልኩ ያው ነው።

የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ "ተጨምሯል" ይላል፣ በባልደረባዬ በናዚሃ ጽሕፈት። አነበብኩት። ፈጨሁ።

ናዚሃ ከጎኔ ጠረጴዛ፦ "መድኃኒቱንም ጨምሬልሻለሁ። አንቺ ሄደሽ ብሪክሽን ጥበሺ።"

"መቼ ጨመርሽው?"

"ሁለት ሰዓት ላይ።"

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል።

"ምነው? ሊያፈጥር ሲል ሾርባው የተደፋበት መሰልሽ።"

ከዚያ እሷም ገባት። ቀና ብላ ሰዓቱን አየች።

ለምን ቀድሜ አልጠየቅኩም?

ሐሙስ፣ ማርች 21

ባዶ። ፕሮቲኑ ካለ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ለማነጻጸሪያ የያዝነው የጤነኛ ሰው መስመር ጥቁር፣ ጥርት ያለ። እሱ ግን ባለፈው ወር የተፈጨ ነው፣ በሌላ ፈሳሽ። የዋጂህ... ምንም። በሽታው ነው የበላው ወይስ እኛ?

ለዶክተር ሸድሊ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ በጋዎኑ ጠረገ።

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"አይታወቅም ይበሉ።"

"አይታወቅም ለማለት ነው የልጁን ጭን የቀደድነው?"



ዓርብ፣ ማርች 22

ናዚሃ አላናገረችኝም። ወይስ ያላናገርኳት እኔ ነኝ?

ሰኞ፣ ማርች 25

መብሩካ መጣች። ዶክተሩ "አንቺ ንገሪያት" ብሎኝ መስኮቱ ጋ ቆመ።

ነገርኳት። አበላሸነው አልኩ። ፕሮቲኑ ይኑር አይኑር ማወቂያ የለንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር...

"የለም አላልሽማ።"

"አላውቅም ነው ያልኩት፣ እናቴ።"

"የወንድሙ ጊዜ 'የለም' ነው ያሉኝ። በአንድ ቃል። አንቺ አላልሽም።"

"ላይኖርም እኮ ይችላል..."

"ተይ፣ አትጨምሪበት።"

ፊቷ በርቷል። ዶክተሩን አየሁት። እሱ ውጭ ውጭውን ያያል።

ግንባሬን ሳመችኝ። ጾም ያደረቀው ከንፈር። "አላህ እጅሽን ይባርከው" አለች። ይህን እጅ?

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። በሩ እንዳይጮህ እጀታውን ይዛ፣ ወጥታ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።